የዋሱ ፊርማ

እስራኤል ውስጥ ያቭኔ ከተማ ካለው የብረታ ብረት ፋብሪካ ሥራ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን፣ የፈረቃ አለቃዬ ካሊፐር የሚባለውን የብረት መለኪያ አስጨብጦኝ፣ «ልኬት ከተሳሳትሽ እዚያው ተናገሪ፤ የተደበቀ ስህተት ማሽን ይሰብራል» አለኝ። ክፍት ቦታ መኖሩን የነገረኝ አባቴ ነው፤ እዚያው ፋብሪካ ወለል ያጸዳ ነበር።

ማሽኖቹ ጃፓን ሠራሽ ናቸው። አምራቹ ኩባንያ በየዓመቱ አንድ ተማሪ ለስድስት ወር ልምምድ ይወስዳል። እኔም ያን ዕድል ለማግኘት ማለዳ እየሠራሁ፣ ከሰዓት በኋላ የቴክኒሻን ኮሌጅ እየተማርኩ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ገዴራ ከተማ ወርጄ ዩኪኮ ከሚባሉ ጡረተኛ መምህርት ዘንድ ጃፓንኛ አጠና ነበር። መምህርቷ ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን እጅ መንሳትንም ያስተምሩኝ ነበር። ለእኩያ ትንሽ ጎንበስ፣ ለአለቃ ጠለቅ፣ ለይቅርታ ከወገብ እጥፍ።

ቂርያት ማላኪ ባለው ቤታችን መስታወት ፊት ስለማመድ አባቴ ይስቅብኝ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ እጅ መንሳት ለመማር ነው ገዴራ ድረስ የምትሄጂው? እኔን አትጠይቂም?»

መሐንዲሱ አቶ ሞሪ ተማሪ ሊመርጡ ከጃፓን መጡ። ፋብሪካውን ሳስጎበኛቸው አባቴ መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ በጎንደር ወግ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳቸው። እሳቸውም ጎንበስ አሉ። አባቴ በእንግዳ ላለመበለጥ እንደገና ዝቅ አለ፤ እሳቸውም ደገሙ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ፣ አንዱም ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። ፊቴ ነደደ።

«ሽማግሌውን ታውቂያቸዋለሽ?» አሉኝ አቶ ሞሪ።

«አላውቃቸውም። እዚህ የሚያጸዱ ሠራተኛ ናቸው» አልኩ፤ በጥሩ ጃፓንኛ።

ማታ አባቴ፣ «ምን አልሽው ስለኔ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሠራተኛ ነው አልኩት ብዬ ግማሹን ነገርኩት። ቀሪውን ከፊቴ አነበበው መሰለኝ፣ እሺ ለማለት በዕብራይስጥ፣ «ቤሰደር። እውነትሽን ነው፣ ሠራተኛ ነኝ» አለ። ያቺን «ቤሰደር» ዛሬም ሳስባት ያመኛል።

በሳምንቱ ተመርጠሻል ተባልኩ። የቀረው የወላጅ የዋስትና ፊርማ ነበር። አባቴ የሰንበት ሸሚዙን ለብሶ ቢሮው ገባ። አቶ ሞሪ ወዲያው አወቁት። «እኚህ ምንሽ ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

ጥያቄውን ለአባቴ በአማርኛ አደረስኩለት። እሱም ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ፣ «አባቷ አሞት እኔን ልኮኝ ነው በዪው። እንዳትዋረጂ፣ ልጄ» አለኝ።

ያን ዓረፍተ ነገር በጃፓንኛ መናገር ይቀለኝ ነበር፤ ቃላቱን ሁሉ አውቃቸዋለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ የደበቅኩት ግን ከዚያ በላይ ሊያስኬደኝ አልቻለም። «አባቴ ናቸው። ያን ቀን ዋሽቼዎታለሁ» አልኩና ከወገቤ ታጠፍኩ።

አባቴ ምን እንዳልኩ አልገባውም። ያዘዘኝን የተናገርኩ መስሎት ራሱን እየነቀነቀ ያረጋግጥልኝ ነበር።

አቶ ሞሪ ተነሥተው ለአባቴ እጅ ነሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ውሸቱን ሳምንት አቆይተሽዋል። ልኬትም ስትስቺ እንዲሁ ታቆዪ ይሆናል። በዚህ ዙር አትሄጂም» አሉኝና ቅጹን አጥፈው አስቀመጡት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ አባቴ እጆቹን እያየ፣ «ፊርማዬ አስቀያሚ ነው ብሎ ነው ያላስፈረመኝ? ሳልፈርም እንኳ እንዴት አወቀ?» አለ።

«አይደለም፣ አባ። አባቴ ነው ብዬ ነግሬው ነው።»

«ምነው! እኔ ሸፍኜልሽ አልነበር?» ብሎ ተቆጣኝ። ቂርያት ማላኪ እስክንደርስ ወደ መስኮቱ ዞሮ ቀረ። ስንወርድ ግን ቦርሳዬን ከእጄ ተቀብሎ ያዘልኝ። እኔ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተፈተንኩ፣ ሄድኩም። ዋሱ አባቴ ነበር።

ዛሬ አዲስ ለሚገቡ ሠራተኞች ካሊፐሩን የማስጨብጣቸው እኔ ነኝ። የምነግራቸውም ያው ነው፤ ከተሳሳታችሁ እዚያው ተናገሩ። እኔ ሳምንት አቆይቼዋለሁ።