ወገቧ ላይ ጭረት ያለባት ቤዝ

የኔዓለም ለእናቱ ሰባተኛ ወንድ ልጅ ነው። ይህ ማለት ከተወለደ ጀምሮ አዲስ ነገር ነክቶ አያውቅም ማለት ነው። ኮቱን ስድስት ወንድሞቹ ለብሰው ነው የደረሰው። ጫማው በስድስት ወንድሞቹ እግር ወደ ትምህርት ቤት ስለተመላለሰ መንገዱን ያለ እሱ ያውቀዋል። የሒሳብ መጽሐፉ እንኳ መልሱ ተሠርቶበት ነው የመጣው፤ ያውም ተሳስቶ። ስሙ ራሱ ከእሱ በፊት የአጎቱ ነበር።

አድጎ ደብረ ማርቆስ ገባና «የጮቄ ንፋስ» በሚባል የሠርግ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር መቺ ሆነ። ቤዝ ማለት፣ ለማያውቅ፣ አራት ወፋፍራም ክር ያላት ጊታር ናት። ስትጫወት ማንም ልብ አይላትም፤ ዝም ስትል ግን እስክስታው ሁሉ እግር ያጣል። የባንዱ ቤዝ ከድሮ የኪነት ቡድን የተረፈች አሮጊት ነበረች። አንደኛው ክሯ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ስለሆነ ዘፈኑ ቁልቁለት ሲይዝ ታቆመዋለች እየተባለ ይታማል።

በ2002 ዓ.ም. ታኅሣሥ አሮጊቷ መሐሏ ተሰንጥቆ አረፈች። የኔዓለም ስምንት ዓመት ያጠራቀመውን ይዞ አዲስ አበባ ወረደ፤ ፒያሳ ከአንድ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅም አዲስ ቤዝ ገዛ። ሱቁ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ያያት በሻማ ነው፤ በሻማ ደግሞ ማን የማያምር አለ? አባይን ሲወርዱም ሲወጡም ከጭኑ አላወረዳት። ሉማሜ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ እሱ «ብርድ ይመታታል» ብሎ አውቶቡስ ውስጥ ቀረ።

ረቡዕ ጠዋት እየሩስ ሻይ ቤት፣ በእኛ በደንበኞቿ ፊት፣ ልብሷን ገለጠ። ቡናማ ናት፤ ታበራለች። የፀሐይ ነገር ግን ይሉኝታ አያውቅም፣ ገብታ አሳየችን። ወገቧ ላይ የሌባ ጣት የሚያክል ጭረት። አንገቷ ሥር ቀለሙ እንደ ምስር ፍሬ አብጧል። ከአራቱ መቃኛ ቁልፎች አንዱ ደግሞ ከወንድሞቹ የተለየ ቢጫ ነው።

«ይቺ አዲስ ናት?» አለ ከበሮ መቺው ቢያዝን። «ይቺ አዲስ ከሆነች እኔም ገና አልተወለድኩም።»

«ጥፍር ቀለም አለኝ፣ ልቀባልህ?» አለች እየሩስ በቅንነት።

ደንበኛ መቼም ሻይ ይዞ ዝም አይልም። እስከ ምሳ ሦስቱ እንከን ሰባት ሆነ። እስከ አሥር ሰዓት አርባ አራት ገባ፤ እሱም ቆጣሪው ደክሞት ስለተወው ነው።

ድምጿ ችግር የለበትም። ያን ዕለት አንዴ ቢነካት መደርደሪያው ላይ ያለ ብርጭቆ ሁሉ አብሮ አቀነቀነ። የኔዓለምን የበላው ሌላ ነው፦ በሠላሳ ሦስት ዓመቱ አንዲት ነገር፣ አንዲት ብቻ፣ ከእሱ በፊት ሰው ያልነካት እንድትኖረው ፈልጎ ነበር። አሁን ያያት ሁሉ «ከማን ገዛሃት?» ይለዋል። ነጋዴው ጋ ቢደውል «ያለችኝ እሷው ብቻ ነበረች፤ እስከ ቅዳሜ ካመጣሃት ግን ያለ ምንም ቃል እቀበልሃለሁ» አለው። ከመለሳት የጥርን ሠርግ ሁሉ ቆሞ ሊያጨበጭብ ነው። ካልመለሳት ደግሞ እድሜ ልኩን «አዲስ ናት እኮ» እያለ ሊምል ነው።

ሲጨንቀው ለእናቱ ደወለ። እናቱ ወለተ ኪዳን የሚኖሩት ቁይ ነው። የሰፈሩ ሞባይል አንድ ነው፤ እሱም ኮረብታው ላይ ካልተወጣ አይሰማም፤ ከተወጣ ደግሞ የኮረብታው ንፋስ ከየቃሉ ጫፍ ጫፉን እየቆረጠ ይበላል። የኔዓለም ያለው ይህን ነበር፦

«እማዬ፣ ቤዟን አመጣኋት!»

እናት ኮረብታ ላይ ሆነው የሰሙት፦ «ቤዛን አመጣኋት!»

«እልልልልል!» አሉ። የኔዓለም እናቱ ለሙዚቃ ይህን ያህል ፍቅር እንዳላቸው ባለማወቁ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ጠይም ናት እማዬ፣ አንገቷ መለሎ። ግን ልብሷን ገልጬ ሳያት ወገቧ ላይ ጭረት አለባት። ቅዳሜ ልመልሳት ነው። ሰውዬውም አምጣት፣ እቀበላታለሁ ብሎኛል።»

«ምን? የሰው ልጅ…» አሉ እናት። የቀረውን ንፋስ ወሰደው።

ወለተ ኪዳን ከኮረብታው የወረዱት በእግራቸው ይሁን በክንፋቸው እስካሁን ያየ የለም። ልጃቸው ቤዛ የምትባል የሰው ልጅ ከአዲስ አበባ አምጥቶ፣ በአንድ ጭረት ለአባቷ ሊመልሳት! በዚያው ዕለት ሦስት ሽማግሌ ለመኑ፣ ጠላም ጠነሰሱ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሽማግሎቹ እየሩስ ሻይ ቤት ደጃፍ ከች አሉ። ፊት የቆሙት የኔታ ገዳሙ ናቸው፣ ዲማ ቅኔ የተማሩ፣ የኔዓለምን ፊደል ያስቆጠሩ። በቀኛቸው አያ አበረ፣ ገበሬ፣ ምላሳቸው ከማረሻቸው የሚቀድም። በግራቸው አያ እንዳላማው፣ በሽምግልና ሠላሳ ዓመት ሲያገለግሉ «ይሁን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ተናግረው የማያውቁ።

የኔዓለም ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። «የኔታ! ምነው በደህና? ይቀመጡ እንጂ!»

«አንቀመጥም» አሉ የኔታ። «የመጣንበትን ሳትሰማ አንቀመጥም። ስለ ቤዛ ነው የመጣነው።»

የእሱ ጆሮ የሰማው «ስለ ቤዟ» ነው። እናቱ ለአንዲት ጊታር ሦስት ሽማግሌ ሰደዱ ማለት ነው! ልቡ በኩራት አበጠ፣ ጉንጩም ቀላ።

«ለእሷ ብላችሁ ነው ከቁይ ድረስ?»

«ለእሷ ያልመጣን ለማን ልንመጣ ነው?» አሉ አያ አበረ። «በአንድ ጭረት ትመልሳታለህ አሉ!»

«ጭረቱ ብቻ ቢሆን እኮ አያ አበረ፣ ዝም እል ነበር። አንገቷ ሥርም አብጣለች።»

«እብጠት ቅቤ ሲነካው ይሟሽሻል።»

«ኧረ ቅቤማ አላስነካትም! ክሯን ያበላሽብኛል።»

የኔታ ፊታቸው በራ። «ክር አላት?»

«አራት!»

«አራት ማተብ!» አሉ የኔታ፣ ወደ ሁለቱ ዞረው። «እኛ አንዱን ማተብ ስንት ጊዜ እንረሳዋለን፣ ልጅቱ አራት አስራለች! እንዲህ ያለችውን መንፈሳዊት ሰው ይመልሳል?»

«ይሁን» አሉ አያ እንዳላማው፣ በመገረም።

እኛ ደንበኞቹ በዚህ ጊዜ ገብቶን ነበር። ገብቶን ዝም አልን፤ እግዜር ይቅር ይበለን። እየሩስ ሳቋን ልትደብቅ የስኳሩን ጆንያ አቅፋ ፊቷን ቀብራለች።

«የኔታ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ የኔዓለም፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «የሚያሳፍረኝ የሰው አፍ ነው። ያያት ሁሉ ከአንተ በፊት ሌላ ሰው ይዟት ነበር ይለኛል። እኔ ደግሞ አዲስ ነበር የፈለግሁት።»

አያ አበረ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። የኔታ ግን ቅኔ እንደሚዘርፍ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና፦

«አንተስ አዲስ ነህ?» አሉት።

የኔዓለም ራሱን ከላይ እስከ ታች አየ፦ «እኔማ የኔታ… ስድስት ሰው ለብሶ የተወኝ ነኝ።»

«እንግዲያ! ወገብህንስ አሳይተኸናል? ጭረት እንዳለበት ማን ያውቃል? እሷ መቼ ገልጣ አየችህ?»

«እሷማ… አታይም» አለ፣ ግራ ገብቶት።

«ኧረ በማርያም፣ ዓይነ ስውር ናት!» አሉ አያ አበረ፣ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው። «ይህችን ሊመልስ!» ሦስቱም በአንድ ጊዜ ጎንበስ ብለው እግሩን ሊይዙ ሆነ። ፊደል ያስቆጠረው መምህር እግሩ ላይ ሲወድቅ ማን ጎጃሜ ይችላል?

«እሺ! እሺ! በጊዮርጊስ፣ አልመልሳትም!»

«ተመስገን» አሉ የኔታ፣ ቀና እያሉ። «በል አሁን ጥራትና እንመርቃት።»

የኔዓለም ወደ ጓዳ ሮጠ። ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። አያ እንዳላማው ጢማቸውን ሁለቴ አበሱ። የኔዓለም ቤዟን በትከሻው አንግቶ፣ ጥርሱ እስከ ጆሮው ተገልጦ ተመለሰ። ሽማግሎቹ በእሱ ትከሻ ላይ አሻግረው የጓዳውን በር ማየት ቀጠሉ።

«ልጅቱስ?» አሉ የኔታ።

«የቷ ልጅ?»

«ቤዛ!»

«ይቻት እኮ የኔታ፣ ቤዟ!»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ ብዕር አይበቃም። እየሩስ ከነጆንያው ወደቀች። ቢያዝን ሻዩን በአፍንጫው መለሰው። የሳቃችን ድምፅ አደባባዩ ድረስ ተሰምቶ የጋሪ ፈረሶች ደንግጠው ቆሙ፤ ይህን የነገረኝ ባለጋሪው ራሱ ነው። መጨረሻ ላይ የኔታ ገዳሙ ግድግዳ ተደግፈው «ቤዟ… ቤዛ… ሰሙም ወርቁም እንጨት!» እያሉ ትከሻቸው ሲናጥ የኔዓለም ብቻ እንደ ቅቤ ቀልጦ ቆሟል።

ሽማግሎቹ ወደ ደጅ ወጥተው መከሩ። ሲመለሱ የኔታ ኮስተር ብለው ተናገሩ።

«ልጄ፣ ያስገባንህ ቃል ለሰው ልጅ ነው። እንጨት ሽማግሌ አይላክላትም። ቃልህን መልሰንልሃል። ብትሻ መልሳት፣ ብትሻ ተዋት።»

የኔዓለም እንደገና ነፃ ሰው ሆነ፤ ጭንቀቱም እንደገና ተቀመጠበት።

አያ አበረ ተጠግተው ቤዟን ከትከሻው ተቀበሉና እንደ ገበያ በሬ እያዞሩ ያዩዋት ጀመር። «እውነትህን ነው አንተ፤ ጭረቱማ ጭረት ነው። ይኸ እብጠትም አያምር። ኧረ እዚህ ጎኗም ላይ ጠቃጠቆ አለ! ቀልደውብሃል። እኔ ብሆን ዛሬውኑ ነው የምመልሳት።»

«የቱ ነው ጠቃጠቆ?» አለ የኔዓለም።

«ይኸው።»

«እሱ የእንጨቱ መልክ ነው እንጂ ጠቃጠቆ አይደለም!»

«አንገቷም ትንሽ ወፈረ…»

«አያ አበረ፣ ይበቃዎታል!» ቤዟን ከእጃቸው ነጠቃት። «ሰው በሰው ዕቃ ላይ እንዲህ አፉን አይከፍትም! ቁልፏ ቢጫ ነው? ቢጫ ይሁን! ምን አገባው ሰው?»

ብሎ ሲያበቃ የተናገረውን እሱም ሰማው። ንዴቱን መጣያ ስላጣ ተቀመጠና አንዷን ወፍራም ክር መታ። ድምፁ ወለሉን ይዞ፣ በወንበሮቹ እግር ሽቅብ ወጥቶ የሁላችን ሆድ ውስጥ ገባ። ሁለተኛዋን መታ፣ ሦስተኛዋን አስከተለ። የኔታ ገዳሙ ሳይታወቃቸው መቋሚያቸው ወለሉን መምታት ጀመረች።

«ይኸ ዕዝል ዜማ ነው» አሉ፣ በድምፁ ጥልቀት ተደንቀው።

«ይሁን» አሉ አያ እንዳላማው። ቀጥለውም ሠላሳ ዓመት ያስቀመጡትን አወጡ፦ «በጣም ይሁን። ድገመው እስቲ!»

ደገመው። ሲያበቃ የኔታ «እና ምን ትላለህ?» አሉት።

«አልመልሳትም የኔታ» አለ የኔዓለም፣ ክሮቹን በመዳፉ ዝም እያሰኘ። «አሁን ማንም አልለመነኝም።»

አጨበጨብን። ጭብጨባው ሲቆም ግን አያ አበረ «ለወለተ ኪዳን ማን ይነግራል?» ብለው ጠየቁ። ሦስቱ ጀግኖች ተያዩ። ጠላው ተጠንስሷል፣ ጎረቤት ተነግሯል፤ ሙሽራ ትጠበቃለች። ማንም እኔ አላለም። ስለዚህ የኔዓለምን ከነቤዟ ይዘው ወደ መናኸሪያ ሄዱ፤ ራሱ ይንገር፣ ካልሆነም ይጫወት ተባለ። እኛም ሸኘናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሜዳ ላይ አይጣልም።

የቁዩ አውቶቡስ ረዳት ቤዟን ጣራ ላይ ሊጭናት እጁን ዘረጋ።

«ዞር በል!» አሉት የኔታ። «እቴጌን ከድንች ጋር?» ብለው ራሳቸው ተቀበሏትና በደረጃው ሲወጡ መቋሚያቸው፣ ጋቢያቸውና ቤዟ በአንድ በር አልገባ አሉ። ሲታገሉ የበሩ ብረት ጎኗን «ጫር» አደረጋት። ነጭ መስመር፣ ስንዝር የሚሞላ።

የኔታ ምራቃቸውን አውራ ጣታቸው ላይ አድርገው ሊያጠፉት ሞከሩ፤ አልጠፋም። ቀና ብለው የኔዓለምን አዩት፣ ፊደል እንደ ጠፋበት ተማሪ።

የኔዓለም ጎንበስ ብሎ ጭረቱን በጣቱ ከዳር እስከ ዳር ለካው።

«ግድ የለም የኔታ፣ ይግቡ» አለ እየሳቀ። «ይኸኛው የእኛው ነው።»