የበያጁ ዓይኖች

በሰፈሩ ዋናው ስሟ ተረስቶ «እትዬ ብልጭ» ነው የምትባለው። ሥራዋ ፎቶ ማንሳት ነው። ድሮ ሰው ስቱዲዮዋ ገብቶ፣ ከመጋረጃ ፊት ተቀምጦ ይነሳ ነበር። ዛሬ ሁሉም የሚፈልገው ደጅ ወጥቶ፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ የሰዎቹ ፊት ብቻ እንደ ሲኒማ ቦግ ብሎ የሚታይበትን ነው። ስለዚህ እሁድ እሁድ ከከተማው ዳር ባለ ሜዳ ላይ ቤተሰብ ስታሰልፍ ትውላለች። ካሜራው ሰማዩን አጨልሞ እንዲያይ ታደርገዋለች፤ በዘንግ ላይ የተሰቀለው ፍላሽ ደግሞ ከጎን ሆኖ ሰዎቹን ያበራቸዋል። ይኼ ቀላሉ ነው። የሚገድላት ንፋሱ፣ የሚያለቅሰው ሕፃን፣ ጎንበስ ቀና ማለቱ ነው።

ዘንጉን የሚይዝላት ባሏ ነው፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር። ንፋስ በፍላሹ ላይ ያለውን ብርሃን ማለዘቢያ ጃንጥላ ሲጎትተው አብሮ እየተጎተተ፣ «አንድ ቀን ይዞኝ ይበራል፤ ያኔ ማንን ታዢ ይሆን?» ይላታል። በዚያ እሁድ ግን እሱም ከድካም ብዛት ቀልዱን ቀንሶ ነበር።

የመጨረሻዎቹ ደንበኞች ሲመጡ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። አባትየው በያጅ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ አዲሱ ሸሚዙ እጥፋቱ ገና ያልለቀቀ። ሚስቱ ፀጉሯን አምራ ተሠርታለች። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጃቸው የጎረቤቶቻቸውን ፎቶ በስልኳ ይዛ መጥታ፣ «እንደዚህ ነው የምንፈልገው፤ ሰማዩ ሊዘንብ የመጣ የሚመስል» አለች።

«እሺ የኔ እናት፤ በሉ ተጠጉ» አለች ፎቶ አንሺዋ፣ ወገቧን በእጇ ደግፋ።

ፍላሹ ቦግ አለ። ሁሉም አምሮባቸዋል፤ አባትየው ግን ጨፍኗል። ደገመች፤ ጨፈነ። ሰለሰች፤ ጭራሽ ፊቱን አዞረ።

«አባዬን እንቅልፍ ወሰደው!» አለች ልጅቱ።

«ለአንድ ቀን ዓይንህን ብትገልጥ ምን ትሆናለህ?» አለች ሚስቱ። «ለዚህ ነው ከጠዋት ጀምሮ ፀጉሬን ስሠራ የዋልኩት?»

በያጁ አፈረ። «እኔ መች ጨፈንኩ? ራሱ ነው የሚጨፈነው።»

የፎቶ አንሺዋ ባትሪ ሊያልቅ ነው፣ ጉልበቷም እንቢ ብሏታል፤ ሳታስበው ድምጿ ቆጣ አለ። «ጌታዬ፣ እስቲ ትንሽ ይቻሉት። ፍላሽ ሰው አይበላም!»

«እኔን በልቶኛል እኮ» አለ ሰውየው፣ ቀስ ብሎ። «ብየዳ ስጀምር ጭንብል የሚሰጠን አልነበረም። ማታ ማታ ዓይኔ አሸዋ የሞላበት ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብልጭ ያለ ነገር ሲመጣ እኔን አይጠይቀኝም፤ ይዘጋል።»

ሚስቱ ፀጉሯን መነካካት ተወች። «የዓይን ጠብታውን የማደርግለት እኔ ነበርኩ። ረስቼው» አለች።

«እኔም በሰው መኪና ስሄድ እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጣል» አለ ሹፌሩ ከዘንጉ ሥር። «ወለሉን ሊበሳው ነው ብለው ጓደኞቼ ከፊት አያስቀምጡኝም።»

ተሳሳቁ። ፎቶ አንሺዋ ግን ቁጣዋ ቆጫት። እሷስ ለዓመታት በካሜራ ስታይ የምትጨፍነው ግራ ዓይኗ ሽንኩርት ስትከትፍ እንኳ ይጨፈን የለ?

ፍላሹን አጥፍታ ሞከረች። ሰማዩ ነጣ፣ ፊታቸው አመድ መሰለ። ልጅቱ ጭፍግግ አለች። ያኔ ፎቶ አንሺዋ ፍላሹን መልሳ ከፍታ፣ ባሏን ከነዘንጉ ከበያጁ ኋላ አዞረችውና፣ «እርስዎ እኔንም ፍላሹንም አይዩ። ባለቤትዎን ይዩ» አለችው።

በያጁ ዞረ። ሚስቱን ከላይ እስከ ታች አየና፣ «ፀጉርሽ አምሯል» አለ።

«አሁን ገና አየኸው?» አለች ሚስቱ፤ ሳቋ አመለጣት። ፍላሹ በራ።

ድጋሚ ልታነሳ ስትል ባትሪው ሞቷል። አንዷ ፎቶ ግን ተገኝታለች፦ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ሚስትየው በሳቅ ፈክታ፣ በያጁ ፊቱ ከጎን ታይቶ፣ ዓይኑ ተገልጦ። «የጎረቤቶቻችን ሁሉም ወደ ካሜራ ነው የሚያዩት» ብላ ልጅቱ ቅር አላት።

«የነሱ የነሱ ነው» አለቻት እናቷ።

በሳምንቱ አጋማሽ ፎቶውን ልትወስድ የመጣችው ሚስትየው ነበረች። አይታ አይታ፣ የጨፈነበትንም እንዲያትሙላት ጠየቀች።

«ያኛው ለሳሎን ነው፤ ይሄኛው ለእኔ። ከሥራ ገብቶ ቁጭ ሲል እንዲህ ነው የሚመስለው።»

ፎቶ አንሺዋ አትማ ሰጠቻት። ሴትየዋ እንደወጣች ስልኩ ጮኸ፤ ለመጪው እሁድ ቀጠሮ የሚፈልግ ሌላ ቤተሰብ ነበር።

«በዚህ እሁድ አልሠራም» አለችና ዘጋችው።

ባሏ ከጓዳ ብቅ አለ። «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም። ደከመኝ።»

ይህን ቃል ከአፏ ሰምቶ አያውቅም። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና፣ «እኔንማ ከደከመኝ ቆየ» አላት።