በባሕር ላይ ልጅ አይታዘልም

በእኛ አቆጣጠር 1996 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነበር፤ ይመስለኛል። ወይስ 97 ይሆን? ዛፊሱዋን ብትጠይቋት «ልጄ ዜቲ ‹እማ› ማለት የጀመረች ሰሞን» ትላለች እንጂ ዓመት አትቆጥርም። ባሏ ላሂቬሉ ደግሞ «የደቡቡ ነፋስ ያበደ ዓመት» ብሎ ያልፈዋል። እዚህ በማዳጋስካር ምዕራብ ዳርቻ የደቡቡ ነፋስ ያላበደበትን ዓመት ማን አይቶ! ቀኑን ተዉት።

ዛፊሱዋ የተወለደችው ከባሕሩ ርቃ፣ ከብት ከሚያረቡት ከማሲኩሮዎች ዘንድ ነው። ባሕር ያየችው ስትዳር ነው። የባሏ ወገኖች ቬዞዎች ናቸው፤ ደረቁ ወራት ሲገባ ድስቱንም፣ ዶሮዋንም፣ አያቲቱንም በአንዲት ጠባብ ጀልባ ጭነው ዓሣ ፍለጋ ወደ ሰሜን ይነጉዳሉ። ጎህ ሲቀድ ከየብስ በሚነፍሰው ለስላሳ ነፋስ ይወጣሉ፤ የቀትሩ ነፋስ ሳይበረታ ዳር ይይዛሉ። ከዱቄት ከረጢት የተሰፋውን ሸራ አውርደው አሸዋ ላይ ድንኳን ያደርጉትና ከሥሩ ይተኛሉ። ዛፊሱዋ ግን እንቅልፍ አልነበራትም። ሸራው በተንፈራገጠ ቁጥር ገና ውሃ ላይ ያለች እየመሰላት ትባንናለች፤ በዳበሳ የልጇን እግር ትፈልጋለች።

የምትፈራው ለራሷ አልነበረም፤ ለዜቲ ነው። ስለዚህ ጀልባ ላይ በወጣች ቁጥር ልጅቷን በጀርባዋ አዝላ፣ የማዘያውን ጨርቅ ጫፍ ደረቷ ላይ ደጋግማ ትቋጥረዋለች። እናቷም እንደዚሁ ነው ያሳደገቻት። ቀንዳም በሬ በሚርመሰመስበት ግቢ ልጁን መሬት የሚያስቀምጥ ማን አለ?

አማቷ ኔኒ ቩላ ይህን ባዩ ቁጥር ትንባሆአቸውን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ ያዛውራሉ።

«አንቺ የከብት ልጅ፣ ፍቺያት!»

«ትወድቅብኛለች፣ እማማ።»

«ትውደቅ! የወደቀ ይያዛል። ጀልባው ሲገለበጥ አንቺ ወዴት ነሽ? ወደ ታች። እሷስ? ካንቺው ጋር። በባሕር ላይ ልጅ አይታዘልም፤ ጭን ላይ ይቀመጣል።»

«እኔ አልለቃትም።»

«እኮ! እሱን እኮ ነው የምልሽ!»

ላሂቬሉ ከኋላ መቅዘፊያውን እንደያዘ ይስቃል። «ተያት፣ እማዬ። ገና በዓሣ እሾህ የምትታነቅ ሴት ናት። ቀስ እያለች ቬዞ ትሆናለች።»

«እሷ ቬዞ እስክትሆን ልጅህ ዓሣ ትሆናለች!»

ያን ቀን አረፈዱ። ላሂቬሉ የደረቀውን ዓሣ ሲያገላብጥና ሲጭን ፀሐይ ወጣች። ፊት ለፊታቸው ትልቁ የወንዝ አፍ ነበረ፤ ቡናማው ውሃ ከባሕሩ ጋር ሲጋጭ ማዕበሉ እንደ ግንብ ቆሞ የሚፈርስበት ስፍራ። ያንን ለመሸሽ ከየብስ ርቆ መዞር ያስፈልጋል። ሲርቁ የዳርቻው ዛፎች እንደ ሣር አጠሩ፤ ቀጥሎ ጭራሽ ጠፉ። ዛፊሱዋ ውሃው ቀለሙን ሲለውጥ የማዘያዋን ቋጠሮ አጠበቀች።

ነፋሱ ከቀትር በፊት መጣ። መጀመሪያ አንገቷን ዳሰሳት፤ ወዲያው ሸራውን በጥፊ መታው። ጀልባዋን ከጎን ደግፎ የሚይዘው ተንሳፋፊ ግንድ ከውሃው ብድግ አለና ተመልሶ ጧ ብሎ ወደቀ። በሁለተኛው ብድግ ሲል ቶሎ አልወረደም። እንዲህ ሲሆን አንድ ሰው ግንዱን ከጀልባዋ ጋር በሚያያይዘው አግዳሚ እንጨት ላይ ወጥቶ በክብደቱ መጫን አለበት። ላሂቬሉ መቅዘፊያውን ከለቀቀ ጀልባዋ አቅጣጫ ትስታለች። ኔኒ ቩላ ጉልበት የላቸውም።

«ዛፊሱዋ! ውጪ!» አለ ላሂቬሉ። አሁን አልሳቀም።

ልጅቷን እንዳዘለች ተነሣች። አሮጊቷ ቀሚሷን ጨምድደው ያዙ።

«ስጪኝ።»

«እማማ፣ እባክዎ…»

«ስጪኝ አልኩሽ!»

ቋጠሮው በጨው ውሃ ርሶ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። በጥፍሯ ሞከረች፤ እምቢ አለ። ጎንበስ ብላ በጥርሷ ነከሰችው። ጀርባዋ ላይ ዜቲ ታለቅሳለች፤ ላሂቬሉ ስሟን ይጠራል፤ እሷ ከቋጠሮው ቀና አላለችም። ተፈታ። አሮጊቷ ዜቲን ተቀበሏት። የልጅቷ ሙቀት ከጀርባዋ ሲላቀቅ ቆዳዋን የገፈፏት ያህል በረዳት። ጨርቁን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ በእንጨቱ ላይ እየዳኸች ወጣች።

ጥቂት ሄዱ። ከዚያ አንድ ማዕበል ከሥር አነሣቸው፤ ነፋሱም ከላይ አገኛቸው። ሰማዩ ሲዞር አየች።

ውሃ ውስጥ ስትገባ ሸራው ከላይዋ ተከደነ። ወዴት እንደሚወጣ አላወቀችም። የወገቧ ጨርቅ በሸራው ገመድ ተጠልፎ፣ በተራገጠች ቁጥር እያጠበቀ ወደ ታች ሳባት። እጇ ሳታስበው ወደ ጀርባዋ ሄደ፤ ልጇን ፈለገ። ባዶ ነው። በዚያች ቅጽበት፣ ትላለች፣ ከመስጠም ይልቅ ያንን ባዶነት ፈራች። ከጨርቁ ውስጥ እንደ ዓሣ ተሙለጭልጫ ወጣች።

አየር ስታገኝ ላሂቬሉን አየችው፤ የተገለበጠችው ጀልባ ጀርባ ላይ ተንጠልጥሎ ያስላል። ልጅቷ የለችም።

«ዜቲ! ዜቲዬ!»

«አትጩሂ፣ ታስደነግጫታለሽ!»

ኔኒ ቩላ ከጀልባዋ ወዲያ በኩል በአንድ እጃቸው ተንሳፋፊውን ግንድ አቅፈዋል። ዜቲ ትከሻቸው ላይ ተጣብቃ ውሃ ትተፋለች፤ በመካከሉ ታለቅሳለች። የአሮጊቷ ከንፈር ጠቁሯል። «ሁለቴ አምልጣኝ ነበር» አሉ፤ «ሁለቴም ተንሳፈፈችልኝ።»

ምሰሶውን ነቅለው፣ ጀልባዋን አቅንተው፣ በተቆረጠ ጄሪካን ውሃዋን ቀድተው ሲጨርሱ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። ድስቱ፣ ዓሣው፣ ዶሮዋ ሄደዋል። ላሂቬሉ እየቀዘፈ ያለቅስ ነበር፤ ማንም እንዳላየ ሆነ።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ከዓመታት በኋላ፣ ዓሣ አጥማጆች በሚሰፍሩባት በአንዲት ደሴት ዳር ዓሣ ስትሰነጥቅ ነው። ፍርሃቱ እንዳልለቀቃት አልደበቀችም። ዛሬም ውሃው ቀለሙን ሲለውጥ አፏ ይደርቃል። «ቬዞ ሆንሽ ይሉኛል» አለች፤ «ቬዞ አይፈራም ያለሽ ማነው?»

አንድ ነገር ልጠይቃት ፈለግሁ። ያን ጊዜ ቋጠሮውን በጥርሷ ስትፈታ፣ አሮጊቷን አምና ነበር? ወይስ እጇ ከልቧ ቀድሞ ታዞ ነው? እንዴት አድርጌ እንደምጀምረው ሳሰላስል ላሂቬሉ ከውሃው ዳር ተጣራ።

«አንቺ ወሬኛ! ነፋሱ ላንቺ ብሎ ይጠብቃል?»

«መጣሁ፣ አትጩህብኝ!»

ቢላዋዋን በውሃ አለቀለቀች። ዓሣውን በቅርጫት ይዛ እስከ ወገቧ ውሃ ገብታ ተሳፈረች፤ ጀልባዋም ሸራዋን ሞልታ ሄደች።