ሳይወጡ ወረድኩ አይባልም

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሶስና ከክፍሏ እየተነጫነጨች ወጣች። ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍና፣ ላፕቶፕና ማይክ ደርድራ፣ ከመዘምራን ጓደኞቿ ጋር የሚያወጡትን መዝሙር እየቀዳች ነበር።

«አባዬ፣ ድምፄ ከምቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ስዘምር ልክ ነኝ፤ መልሼ ስሰማው ግን ዘግይቻለሁ» አለችኝ።

«ሌተንሲ ነው» ስላት አፏን ከፍታ አየችኝ። ልጆች አባታቸው አንድ ጊዜ ወጣት እንደነበረ የሚያምኑት ማስረጃ ሲያገኙ ብቻ ነው።

አጠገቧ ተቀምጬ አሳየኋት። ኮምፒውተር ድምፅ ተቀብሎ እስኪያስቀምጥ ጥቂት ይቆያል። ዘማሪው በማዳመጫው የሚሰማውን ምት ጠብቆ በሰዓቱ ቢዘምርም፣ ማሽኑ ድምፁን የሚያስቀምጥለት ትንሽ አሳልፎ ነው። ምን ያህል እንዳሳለፈ ለማወቅ ማዳመጫውን ማይኩ አፍ ላይ ደግኖ፣ አንድ የተቀዳ ጭብጨባ አጫውቶ፣ ያንኑ መልሶ መቅዳት ነው። በመጀመሪያው ጭብጨባና በሁለተኛው መካከል ያለው ክፍተት የማሽኑ መዘግየት ነው። የዘማሪውን ድምፅ ስክሪኑ ላይ በዚያው ልክ ወደ ግራ፣ ወደ ቀደመው ሰዓት መሳብ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

«የት ተማርከው?» አለችኝ።

«ታሪኩ ረጅም ነው» ብዬ አለፍኩት። ያለፍኩት ስለረሳሁት አልነበረም።

ቦንጋ የመጣሁት ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር፤ ይኸው ፀጉሬ ሸበተ። ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የኮምፒውተር መምህር ሆኜ ተመደብኩ። ከደብረ ብርሃን ስለመጣሁ ጭጋግ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የከፋ አገር ጭጋግ ግን ሌላ ነው፤ ከጫካው ተነስቶ ሲመጣ በር ላይ የሚቆም፣ «ግባ» እስኪሉት የሚጠብቅ ዓይነት ነው። የዝናቡን ነገር አልናገርም። ዝናቡ ባቆመ ጊዜ ጆሮዬ የጎደለው ነገር ያለ እየመሰለኝ ዞር ዞር እል ነበር።

ከገበያው በላይ ወለሉ ልስን ሲሚንቶ የሆነ አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ግድግዳውን በእንቁላል መያዣ ካርቶን ለብጬ ስቱዲዮ አልኩት። ጎረቤቶቼ ዶሮ ላረባ መስሏቸው ዋጋ ይጠይቁኝ ነበር። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማይክ፣ ብሎኑ ተበልቶ ከላይ አልወርድ ያለ የማይክ ማቆሚያ፣ በእሱ ምክንያት ዘማሪ እንዲቀመጥበት የገዛሁት ረጅም ዱካ። ሀብቴ ይኸው ነበር።

ታደለ ከቦንጋ ወጣ ብላ ጫካው ውስጥ ያለችው የማንኪራ መንደር ልጅ ነው። ማር እያመጣ ይሸጥልኝ ነበር፤ በኋላ ወዳጅ ሆንን። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ እንዲሉ፣ እሱም ማሩን እየሰፈረ የሚያንጎራጉራት ነገር ነበረችው። ምን እንደሆነች ስጠይቀው የሥራ ዜማ እንደሆነች ነገረኝ። ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ ረጅም ነው፤ የወጣውን ሰው ቅጠሉ ይውጠዋል፤ ከታች አይታይም። ስለዚህ ላይ ያለው ይጠራል፣ ገመድ ይዞ ሥር የቆመው ይመልሳል። መልሱ በሰዓቱ ከመጣ ላይ ያለው እጁን አንስቶ ወደሚቀጥለው ቅርንጫፍ ይሻገራል። ከዘገየ ባለበት ይቆማል። አባቱ ቀድሞ ስለሞተ ለታደለ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመልሱለት እናቱ፣ እትዬ አስካለች ነበሩ።

«እቀዳሃለሁ፤ እሳቸውም በሌላ ቀን መጥተው ይመልሱልሃል» አልኩት።

በአንድ የበጋ ከሰዓት መጣ። ጭቃ የያዘ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ባዶ እግሩን ረጅሙ ዱካ ላይ ወጣ። በከፍኛ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ ጠራ፤ ለመልሱ ቦታ ትቶ ደግሞ ጠራ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። እኔ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሆኜ፣ አንድ ሰው ካጠገቤ ተነስቶ ከፍ ከፍ ሲል የሰማሁ መሰለኝና አንገቴን አቀረቀርኩ። ከዚያ ዝም አለ።

«አለቀ?»

«አንድ ይቀራል። እሱ የሚባለው እግር መሬት ሲነካ ነው።»

«በለዋ ታዲያ።»

ሳቀ። «ሳይወጡ ወረድኩ አይባልም፣ ቲቸር። እሱን ክፍቱን ተወው።»

እኔም ወሬያችንን ቆርጬ ቦታውን ክፍቱን ተውኩት። የተማረ ሰው ነኝ ብዬ በልቤ ሳቅሁበት እንጂ።

በማር ቆረጣው ወራት፣ እናቱ ኮረሪማ ሊሸጡ ቦንጋ ገበያ በወረዱበት ቀን፣ ታደለ ብቻውን ዛፍ ላይ ወጣ። ማታ ሲፈልጉት ከዛፉ ሥር አገኙት። እናቱ ለገበያ ከተቀመጡበት ቦታ የእኔ መስኮት ይታይ ነበር። ያን ቀን ሰላም ብያቸው አልፌ ነበር።

ክረምቱ ከገባ በኋላ እትዬ አስካለች በሬን አንኳኩ። ከማንኪራ በእግር ወርደው፣ ነጠላቸው በዝናብ ሰውነታቸው ላይ ተጣብቆ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዘው ነበር። ይቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«የልጄ ድምፅ አንተ ጋ አለ አሉኝ።»

«አለ፣ እትዬ።»

«ልመልስለት ነው የመጣሁት።» አማርኛቸው ቀስ ያለ፣ እያንዳንዱን ቃል አሽተው የሚያወጡት ዓይነት ነበር። «ያን ቀን እኔ ገበያ። እሱ ጠርቷል። ሳይጠራ አይወጣም፣ አውቀዋለሁ። የመለሰለት የለም። መልስ ካልሰማህ እጅህን አታንሳ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሰው ወድቋል ይላል። እኔ ግን ሌሊት እሰማዋለሁ፤ እዚያው ላይ ነው። እየጠበቀ ነው።»

ሻይ ላፍላ አልኳቸው። አሁንም እምቢ አሉ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምመልሰው» አሉ። «የወረደ ሰው ተመልሶ አይጠራም። ደግመሽ በይ እንዳትለኝ።»

ማዳመጫውን ከሻሻቸው በላይ አደረግሁላቸው። ከማይኩ ፊት ቆሙ፤ ዛፍ ሥር ያለ ሰው አይቀመጥም። የማዳመጫውን ገመድ በሁለት እጃቸው ጠበቅ አድርገው ያዙና ፊታቸውን ወደ ኮርኒሱ ቀና አደረጉ። ዝናቡ ቆሞ ነበር። አጫወትኩ። የሞተ ሰው ድምፅ ከማዳመጫው እያፈሰ በቀጭኑ ይሰማኛል፤ እሳቸው በጠራ ድምፅ ይመልሳሉ። ይጠራል፣ ይመልሳሉ። ገመዱ በእጃቸው ውስጥ ጥቂት በጥቂት ሲሄድ አየሁ። ማንም አልጎተተውም፤ እጃቸው ነው የላላው አልኩ ለራሴ።

የመጨረሻው ጥሪ አለፈ። ለማጥፋት እጄን ስዘረጋ መዳፋቸውን አንስተው ከለከሉኝ። ዓይናቸው ከኮርኒሱ ተነስቶ በግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ወረደ፤ አንድ ነገር ተከትሎ እንደሚወርድ። ወለሉ ላይ ሲደርስ እስካሁን ባልሰማሁት ለስላሳ ድምፅ አንድ ነገር መለሱ። ገመዱን ለቀቁት።

«አሰማኝ» አሉ።

አሰማኋቸው። በዚያ ሳምንት ድምፁ እንዳይንጫጫ ብዬ ሶፍትዌሩን ስነካካ ሰንብቼ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፤ መንጫጫቱ ጠፍቶ መዘግየቱ ብሶ ነበር። ታደለ ይጠራል፤ ዝምታ፤ ከዚያ የእናቱ መልስ፣ ዘግይቶ። ደግሞ ይጠራል፤ ዝምታ፤ ዘግይቶ።

የእትዬ አስካለች ፊት አመድ መሰለ። «እንደገና አልደረስኩለትም» አሉ።

«እርስዎ አልዘገዩም፤ ማሽኑ ነው።»

«እንዳላዝን ነው እንዲህ የምትለኝ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። እኚህ ሴት ቀሪ ዕድሜያቸውን የሚኖሩበት መልስ በእኔ እጅ ነበር፤ አጽናንቼ የማመልጠው ነገር አልነበረም። ደግመው አይሉም፤ ማሳየት ነበረብኝ። ማዳመጫውን ከራሳቸው ላይ አውርጄ ማይኩ አፍ ላይ ደገንኩ። የተቀዳ ጭብጨባ አጫውቼ መልሼ ቀዳሁና ስክሪኑ ላይ አጉልቼ፣ «ይዩ። እዚህ ውስጥ ሰው የለም። ማሽኑ ራሱ አጨበጨበ፣ ራሱ ሰማ። እሱም ዘግይቷል» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው ተራርቀው የቆሙትን ሁለት ጉብታዎች በጣታቸው ነኩ። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ዳሰሱት። ያን ክፍተት ለክቼ ድምፃቸውን በሙሉ በዚያው ልክ ወደ ግራ ሳብኩ። ፈርቼ ነበር። ከለካሁ በኋላም ቢዘገዩስ?

አጫወትኩ። ታደለ ጠራ፤ እናቱ ከአፉ ተቀብለው መለሱ። ደግሞ ጠራ፤ መለሱ። እስከ መጨረሻው። እትዬ አስካለች በረጅሙ ተነፈሱ።

ጥሪው ካለቀ በኋላ ዝምታው መጣ። ከዚያ ያቺ ለስላሳ መልስ።

«እትዬ፣ እዚህ ላይ እኮ አልጠራም። ምን ሰምተው መለሱ?»

እንደ ታመመ ልጅ አዩኝ። «እግሩ ሲነካ አልሰማህም?»

መልሼ ከፍ አድርጌ ሰማሁት። በታደለ ድምፅ መጨረሻ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ሰምቼው ልብ ያላልኩት፣ ዱብ የሚል ትንሽ ነገር ነበረ። የእናቱ መልስ ልክ ከእሱ ቀጥሎ ነበር። ወዲያው ትዝ አለኝና ደስ አለኝ፤ ጠርቶ ሲያበቃ ከረጅሙ ዱካ ዘሎ ወርዶ ነበር።

«ከዱካው ሲወርድ ነው» አልኩ።

«አዎ። ወረደ» አሉ።

በሲዲ ልገልብጥልዎት ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለምኔ? ልጄ ወርዷል።» ዝናቡ ከመመለሱ በፊት ወደ ማንኪራ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በገበያ ስንገናኝ ስለ ጤናዬ፣ ኋላም ስለ ልጄ ይጠይቁኝ ነበር። ስለዚያ ቀን አንስተው አያውቁም። ሌሊት እሰማዋለሁ ብለውም አያውቁም። አሁን እሳቸውም ካረፉ ቆይተዋል።

እኔም ፋይሉን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እያሻገርኩ አኖርኩት እንጂ ከፍቼው አላውቅም። ቅዳሜ ዕለት ግን ሶስና «ያረምከውን አንድ ነገር አሰማኝ» ብላ ሞገተችኝ። ጥሪውን ላሰማት አልደፈርኩም። የወረደን ሰው ማን ይጠራል? ከመጨረሻው ጥሪ በኋላ ያለውን ቁራጭ ብቻ ከፈትኩላት። ስለ ዛፉም ስለ እናትየውም ምንም አልነገርኳት።

ያን ትልቅ ማዳመጫዋን አድርጋ ሰማች። ቅንድቧን ሰብሰብ አደረገች።

«ይኼንን ጫካ ሄደህ ነው የቀዳኸው?»

«ለምን?»

«አንድ ሰው ዱብ ብሎ ሲወርድ ቅጠሉ ይንኮሻኮሻላ። ብዙ የረገፈ ቅጠል።»

ያ የስቱዲዮዬ ወለል ግን ልስን ሲሚንቶ ነበር። ታደለም ባዶ እግሩን ነበር። ማዳመጫውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። ማሽን ምን ያህል እንደሚዘገይ መለካት ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ሥራ ነው። አንድ ድምፅ ከዛፍ ሥር ተነስቶ እኔ ክፍል ለመድረስ ስንት እንደሚፈጅበት ግን በምን ይለካል? ባለፉት ዓመታት ለራሴ የነገርኩት የዱካ ወሬ ሁሉ ድንገት የሕፃን መጫወቻ ሆነብኝ። ፈራሁ፤ ግን ፍርሃቱ የሚያስሸሽ አልነበረም። ልጄን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት።

«የሚመልሱት እናት ዘግይተዋል?»

ሶስና መልሳ አጫወተችው። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።

«አይ አባዬ» አለችኝ። «እሳቸው ልክ ናቸው።»