የታጠበ አሸዋ

የአባባ ጀርባ በአንድ ቀን አልተጎዳም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎንበስ ብለው፣ አካፋ ይዘው፣ ለሽንኩርቱ ቦይ ሲከፍቱና ሲዘጉ ነው ያለቀው። ሐኪሙ "ከእንግዲህ አካፋ እንዳይነኩ" አላቸው። ባጃጅ ውስጥ ከገባን በኋላ "መሬቱን ለኮንትራት ከሰጠሁማ ምኑን ኖርኩት" አሉ።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ መሬቱን ለኮንትራት የሰጠ ሽማግሌ ሞልቷል። ከሰላት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ተቀምጦ፣ ከገዛ መሬቱ የወጣ የሰው ሽንኩርት ሲጫን ያያል። አባባ በእነሱ በኩል ሲያልፉ ሰላምታቸው ሁሉ ይቸኩላል። ወንድም የለኝም፤ እናቴም ካለፈች ቆይታለች። ያለኋቸው እኔ ነኝ፤ የማሽን ሥራ ተምሬ የመጣሁ፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር ያልፈጠረብኝ ልጃቸው።

"አንቱ አርፈው ይቀመጡ፤ ውሃው ራሱ ይሄዳል" አልኳቸው። የጠብታ መስኖ ቱቦ እንዘረጋለን፣ እሳቸው የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ማስነሳት ብቻ ነው፣ ውሃው እያንዳንዱ ሽንኩርት ሥር ጠብ ጠብ ይላል። አካፋ የለ፣ ቦይ የለ። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር። የቱቦው ቀዳዳ የመርፌ ዓይን ነው የሚያክለው፤ የሮቢ ወንዝ ደግሞ አሸዋውን ተሸክሞ ነው የሚመጣው። አብሮት የተሸጠው ወንፊት ገና በመጀመሪያው ሰዓት ጢም ብሎ ተደፈነ።

"ውሃውን ጉድጓድ ውስጥ ብናሳድረውስ?" አሉ አባባ። "ወንዝ የሚቀዱት ሴቶች እንኳ አሳድረው፣ አጥልለው አይደል የሚጠጡት?"

"አባባ፣ ጉድጓዱ እኮ የመሬቱን ሩብ ይበላዋል! ወባውስ?"

ያልኩት ውሸት አልነበረም። ግን ወላሂ፣ የልቤ ምክንያት እሱ አይደለም። ጉድጓድ ለመቆፈር ነው እንዴ የተማርኩት? ብዬ ነው።

ደብተር ላይ ስስል ስሰርዝ ከረምኩ። የፈለግኩት ከወገቤ የማይበልጥ፣ ወደ ታች የሾጠጠ የላሜራ ቀፎ ነው። ውሃው በጎኑ በኃይል ገብቶ ውስጡ ይሽከረከራል፤ አሸዋው ስለሚከብድ ወደ ግድግዳው ይገፋና ተንሸራቶ በታችኛው ጫፍ ይወጣል፤ የጠራው በመሃል ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ቱቦው ይሄዳል። የሚደፈን ወንፊት የለውም። የሚሰበር ነገር የለውም። አንዲት አህያ ጭናው ትሄዳለች።

አስፋልቱ ዳር ብየዳ ቤት ያላቸው ሰው ሥራውን ተቀበሉኝ። ጋሼ ነው የምላቸው። ስዕሉን አዟዙረው አዩትና "ይሄማ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ነው! ለማን ሠርግ ነው?" ብለው ሳቁብኝ። ቢስቁም ሠሩት። የመጀመሪያው መግቢያው ቀጥ ብሎ ስለተበየደ ውሃው አልዞር አለ፤ ቆረጥነው። ሁለተኛው ከታች ሰፍቶ ውሃውን ሁሉ ከአሸዋው ጋር ጣለው፤ እሱንም ቆረጥነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ። ሦስተኛው ሠራ።

የሞከርነው እዚያው ብየዳ ቤቱ በር ላይ ነው። አጠገቡ ለግንባታ ከወንዙ የመጣ የአሸዋ ክምር ነበር። ከዚያ ዛቅ ዛቅ አድርጌ በርሜል ውስጥ ጨመርኩ፣ በዱላ አማሰልኩ፣ ሞተሩን ለቀቅኩት። ከታች አሸዋው እንደ ቆሎ እየተንጣጣ ወጣ፤ ከላይ ኩልል ያለ ውሃ። አባባ በእጃቸው ዘገኑና ፊታቸውን ታጠቡበት። "አልሃምዱሊላህ፤ ለውዱእም ይሆናል" አሉ።

በማግስቱ በሬ ያለው ሰው ጠርተው ቦዮቹን በሙሉ አሳርሰው ደለደሏቸው። እኔ ዳር ቆሜ ደረቴን ነፍቼ አያለሁ። ምናለ ያኔ አንድ ሰው በጥፊ ባለኝ!

በጋው እሰይ የሚያሰኝ ነበር። ሽንኩርቱ ወጣ፣ ወፈረ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቀፎውን ሊያይ መጣ። መሬቱን በኮንትራት ስጡኝ እያለ ሁለት ዓመት ደጃችንን የጠና ጎረቤታችን እንኳ መጥቶ አየና ሁለተኛ አልጠየቀም። አባባ ሞተሩን ያስነሱና ማንጎው ሥር ተቀምጠው፣ ለመጣው ሁሉ "ልጄ ናት የሠራችው" ይላሉ።

ከዚያ በልግ መጣ። እኛ ጋ ጠብ አላለም፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ደጋው፣ ጣርማ በር በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሮ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ወንዙ ጋ ስንወርድ ውሃው ሌላ ሆኗል። ሞተሩን አስነሳሁ። ከታች አሸዋው ይወጣል፤ ሳቅሁ። ከላይ የሚወጣውን ሳይ ሳቄ ቆመ። ወተት የበዛበት ሻይ ነው የሚመስለው። ይጠራል አልኩ። አልጠራም። አሸዋ ሳይሆን ደለል ነው፤ እንደ ዱቄት የላመ የደጋ አፈር፤ ከውሃው ጋር ዞሮ ዞሮ፣ ከውሃው ጋር ይወጣል። ቱቦው ውስጥ ገብቶ እያንዳንዷን ቀዳዳ እንደ ሊጥ ለሰናት።

በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያው መስመር ቆመ። በአምስተኛው ግማሹ ማሳ። የታችኛውን ጫፍ አጠበብኩት፣ መልሼ አሰፋሁት። ሞተሩን እስኪያለቅስ ድረስ አስጮህኩት። ያ ረቢ፣ ምን ያላደረግኩት ነገር አለ! ውሃው ያው ነው። የሽንኩርቱ ቅጠል ከጫፉ ቢጫ መሆን ጀመረ።

ከገበያ ሌላ ወንፊት ፈልጌ አጥቼ ስመለስ አባባን መሬት ላይ አገኘኋቸው። ወደቁ ብዬ ሮጥኩ። አልወደቁም። መቀመጥ ስላልቻሉ በጎናቸው ተኝተው፣ የግራር እሾህ ይዘው የቱቦውን ቀዳዳ አንድ በአንድ ይወጋሉ። አንዱን ከፍተው፣ በክንዳቸው ተጎትተው ወደሚቀጥለው።

"አባባ፣ አፈር ስሆን ይነሱ!"

"ዝም በይና አንቺም ከዚያኛው ጫፍ ጀምሪ።"

ጀመርኩ። እያለቀስኩ ነው የጀመርኩት። የኋለኛው ላይ ስንደርስ የፊተኛው ተደፍኗል። ቦዩን መልሼ ልቆፍር አካፋ አነሳሁ፤ መሬቱ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ እስከ ቀትር ሁለት ቦይ እንኳ አልሞላልኝም። የቀን ሠራተኛ ፍለጋ ካራቆሬ ድረስ ሄድኩ፤ ቲማቲም ለቀማ ላይ ስለነበሩ የሚመጣ ጠፋ። ጉድጓዱንም አሰብኩት። ተቆፍሮ፣ ሞልቶ፣ እስኪጠራ ሽንኩርቱ አይጠብቀኝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ የምለቅመውም አልቀረልኝም።

ቢቸግረኝ ያንን ውሃ በጆግ ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። "በአሸዋው ሠርቶ አልነበረም? ይሄን ለምን አይለይም?" አልኳቸው።

ጆጉን አዩ፣ ክምሩን አዩ፣ እኔን አዩኝ። "የወንዝ አሸዋ እኮ ታጥቦ ያለቀ ነው፣ ልጄ። ደለሉን ወንዙ ራሱ ወስዶለታል። ግንበኛ የሚፈልገው ለዚያ አይደል? ጭቃ ያለበትንማ ማን ይገዛል?"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም!" ጮህኩባቸው።

"አልጠየቅሽኝማ" አሉ። እየሳቁ አልነበረም።

ወንዙ ለይቶ የጨረሰውን አሸዋ እኔ ከውሃ መልሼ ደባልቄ፣ መልሼ ለይቼ ነው ሊቅ ነኝ ያልኩት። ይህን ከተማ ውስጥ አሸዋ የጫነ ሁሉ ያውቃል። እኔ ብቻ፣ ደብተር ይዤ፣ አላውቅም። አስፋልቱን ተሻግሬ ቤቴ እስክደርስ ማንንም ቀና ብዬ አላየሁም።

ሽንኩርቱ በሳምንቱ አለቀ። ነቅለን ስናየው የሕፃን ጡጫ አያክልም፤ ለከብት ሰጠነው። አባባ ከዚያ ወዲያ ለአሥር ቀን ያህል ለብቻቸው መነሳት አልቻሉም። አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አባባ አስጠርተውት፣ የመሬቱን የኮንትራት ውል ልንዋዋል ያ ጎረቤታችን ሁለት ሽማግሌ ይዞ ቤት መጣ። "ልጄ ትጽፈዋለች" አሉ አባባ፤ ወረቀት አመጣሁ። ትራስ ተደግፈው ወሰኑን ነገሩኝ፤ በዚህ በኩል የእገሌ ማንጎ፣ በዚያ በኩል ወንዙ፣ ለሦስት ዓመት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "የሚሰጡበት ምክንያትም ይግባ፤ ኋላ ጭቅጭቅ እንዳይመጣ" አሉ።

እጄ ቆመ። ቀና ብዬ አባባን አየኋቸው። ልጄ የሠራችው ቀፎ ነው ያከሰረኝ ይበሉ፣ እዚህ ሰው ፊት ይናገሩትና ይውጣልኝ አልኩ በልቤ።

"'ጉልበቴ ስለደከመ ማረስ ስላልቻልኩ' ብለሽ ጻፊ" አሉ።

"አባባ..."

"ጻፊ አልኩሽ።"

ጻፍኩት። አንብቢው አሉኝ፤ አነበብኩላቸው። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው፣ እኔ ከጻፍኩት ውሸት ሥር አሳረፉ።