ሰማንያኛው ቀን

ይህ የሆነው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ዛሬም ሳስበው ደስታው እንደ አዲስ ስለሚመጣብኝ፣ ልቡ የከዳው ሰው ካለ ያነበዋል ብዬ ጻፍኩት።

ትውልዴ ግሼ፣ ራቤል አካባቢ ነው። ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው ግን አሶሳ ነው። ዘጠኝ ዓመት ልጅ አጥተን ኖርን። እግዚአብሔር ቃሉን እንደማያጥፍ አምኜ፣ «ከሰጠኸኝ፣ ወንድ ቢሆን በአርባ፣ ሴት ብትሆን በሰማንያ ቀኗ፣ ሳላሳልፍ ሳላጓድል እኔ በተነሣሁበት ደብር ክርስትና አስነሣለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ሰጠኝ። ሴት ልጅ ወለድኩ።

እኔ ጥንቁቅ ነኝ። ከተወለደችበት ሐሙስ ጀምሬ በየቀኑ ካላንደር ላይ ምልክት አደረግኩ። ሰማንያዋ ቅዳሜ ላይ ዋለ። ለእናቴ ደወልኩ፤ እሷም ለካህናቱ ነገረች። ባለቤቴ ከሥራው ፈቃድ ስላላገኘ ልጄን አቅፌ ብቻዬን ተነሣሁ። ለክፉም ለደጉም ብዬ አንድ ትርፍ ቀን ይዣለሁ።

ያቺ ትርፍ ቀን ደብረ ብርሃን ላይ መኪና ስጠብቅ አለቀች። ቅዳሜ ማለዳ ጓሳ ላይ ስንደርስ ደግሞ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። ስኮርታ ጎማውም ተንፍሷል። ጉሙ ወርዶ፣ ጎማው አጠገብ የቆመው ሾፌር እንኳ ከመስኮት አይታይም። «ቅዳሴው ሊገባ ነው!» ብዬ አለቀስኩ።

አጠገቤ የተቀመጡ ባልቴት፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያኑ እግር የለው፣ የት ይሄድብሻል?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን በልቤ ከአምላኬ ጋር ተጣላሁ። «ቃሌን ልጠብቅ ይህን ሁሉ አገር ሳቋርጥ፣ አንተን አንዲት ጎማ አቃተችህ?» አልኩት። ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ጎማው ተጠግኖ እናቴ ቤት ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ቅዳሴው ካበቃ ቆይቷል። እናቴ ልጅቷን ተቀብላ ትስማለች፣ እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ። በዚህ መሃል የንስሐ አባታችን «ምነው ቀራችሁ?» እያሉ መጡ።

«ሰማንያዋ አለፈ፣ አባ። ስለቴን በላሁ» አልኳቸው።

«ለመሆኑ በስንት ሰዓት ነው የወለድሻት?»

«ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ። የሆስፒታሉ ወረቀት አለኝ።»

«ፀሐይ ገብታ ነበር?»

«እንዴ አባ፣ ጨልሞ እኮ ነው!»

አባ በጣታቸው አንጓ ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሳቁ። «አንቺ፣ ያገርሽን ቆጠራ ጭራሽ ረሳሽው! ፀሐይ ከገባ ወዲያ ለዓርብ አጥቢያ ነው እንጂ ምን ሐሙስ አለ? በቤተ ክርስቲያን ቀን የሚጀምረው ከምሽት ነው። ሰማንያዋ ነገ ነው፣ እሑድ!»

እናቴ እልል አለች። «በይ ያንን ወረቀት እሳት አያይዥበት!» አለችኝ።

አባ ግን ቀጠሉ። «እግዚአብሔር አዳምን በአምስት ቀን ተኩል አድንሃለሁ አለው። የእሱ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነውና፣ በእኛ ቆጠራ አምስት ሺህ አምስት መቶ ዘመን ሆነ። ቀረ እንዴ? መጣ! አንቺ ለአንዲት ቀን አምላክን ልትከሺው ነው?» ጓሳ ላይ ያልኩትን አልነገርኳቸውም ነበር። አንገቴን ደፋሁ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ጎማው ባይፈነዳ ልጄን በሰባ ዘጠኝ ቀኗ አስነሥቼ፣ ስለቴን በገዛ እጄ አጉድዬ እመለስ ነበር።

እሑድ ማለዳ ልጄ በዚያ እንደ በረዶ በሚቆረጥም ውሃ ተጠመቀች። ጩኸቷ ቅጽሩን ሞላው። «የግሼ ልጅ መሆኗን አስመሰከረች!» አሉ አባ። ስሟ ወለተ ኪዳን ተባለ፤ ማዕተቧ ታሰረላት፤ ሥጋ ወደሙም ተቀበለች። እናቴን እልልታዋን የሚያስቆማት ጠፋ።

አሁን ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። እኔም እንደ ዱሮው ጥንቁቅ ነኝ፤ ፍርሃቱ ግን ለቆኛል። ጎረቤቶቼ «ለመንኩት፣ ዘገየብኝ» ሲሉኝ፣ ፈገግ ብዬ «በማን ቆጠራ?» እላቸዋለሁ።