አምስት እግር ያላት እትዬ

የድሬዳዋ ቀትር ከተማውን ሁሉ ያስተኛዋል። ሱቁ ይዘጋል፣ የጋሪ ፈረሱ ኒም ዛፍ ሥር ቆሞ ያንቀላፋል፣ አባቴ ከባቡር ጋራዡ መጥቶ ሽርጡን አገልድሞ በረንዳው ላይ ጋደም ይላል። እኔ ግን በዚያ ሰዓት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ሲሚንቶው ወለል ላይ በደረቴ ተዘርግቼ፣ በስስ ቀይ የከረሜላ ወረቀት አሻግሬ ጉንዳኖች አያለሁ። እነሱም አይተኙም። ዓለማቸው ቀይ፣ ዝግ ያለና ድምፅ የሌለው ነው፤ እያየኋቸው ብዙ ብቆይ እኔም እዚያ ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል።

ጉንዳኖቹ የታላቅ ወንድሜ ነበሩ። ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ሌላው ልጅ ኳስ ሲያሳድድ እሱ ነፍሳት ያሳድዳል። አንድ ነሐሴ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከጎደለ በኋላ እርጥቡ አሸዋ ላይ ይዞኝ ወረደ። ክንፍ ያላቸው ጉንዳኖች እንደ አሸን ፈልተዋል። «ትልቋን ፈልጊ፤ ክንፏን የጣለችውን» አለኝ። አገኘኋት። ደስታዬ ግን እጄን አቻኮለው፣ በጣቶቼ ቆንጥጬ ሳነሳት አንድ እግሯ፣ መሀለኛው የግራ፣ ጣቴ ላይ ቀረ። አለቀስኩ።

«አቦ አታልቅሺ! አምስቱ ይበቃታል» አለኝ።

ቤቷን የሠራላት ከሳርዲን ጣሳ ነው። ጀሶ በጥብጦ አፈሰሰበት፣ ሳይደርቅ በማንኪያ ጫፍ ክፍሎች ቆፈረበት፣ ከላይ መስታወት አደረገበት። መስታወቱን በቀይ ወረቀት የሸፈነው ጉንዳን ቀይ አያይም ብሎ ነው፤ እሷ ጨለማ ውስጥ ነኝ ስትል እኛ እናያታለን። አንድ ወር ሙሉ ምንም አልሰጣትም። በረሃብ ልትገላት ነው ብዬ ጮህኩበት። «ከክንፏ ጡንቻ እየበላች ነው፤ ዝም በያት» አለኝ። እውነቱን ነበር። እንቁላል ጣለች፣ ከዚያ ትሎቹ መጡ፣ ከዚያ አቧራ የሚያካክሉ ልጆች።

ስሟን ያወጣላት አባቴ ነው። «ንግሥት ትበላለች» ብዬ ስናገር ሰማኝና ወደ አጥሩ ገልመጥ አለ። «ዘውድ በወረደበት አገር አንቺ ንግሥት ትቀልቢ! ቀበሌ ሳይሰማሽ ሌላ ስም ፈልጊላት።» እትዬ አልናት።

በእኛ ሰፈር የምግብ ቁምሳጥን እግሮች ውኃ በያዙ ጣሳዎች ውስጥ ነው የሚቆሙት፤ ጉንዳን ውኃ አይሻገርም። ወንድሜም የእትዬን ጣሳ ውኃ ባለበት ሰሐን መሀል አቆመው። እናቴ በዚህ ስቃ አታባራም ነበር። «ሰው ጉንዳን እንዳይገባበት ውኃ ያስቀምጣል፣ የእኔ ልጆች እንዳይወጣባቸው!» ትላለች። በቀበሌ ካርድ የምትቀበላትን ስኳር ቆንጥረን ስንወስድ ግን አትስቅም።

በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ሊሄድ ሲል የውኃ ማንጠብጠቢያውን እጄ ላይ አስቀመጠ። «እስክመጣ ባንቺ ነው ያለችው» አለኝ። ከሰሜን የሚልካቸው ደብዳቤዎች አጫጭር ነበሩ፤ ሁሉም ላይ ግን ያችው መስመር አለች፦ እኔ ደህና ነኝ፣ እትዬስ?

ቀስ በቀስ እናቴም መጠየቅ ጀመረች። ጠዋት እንዴት አደርሽ ከማለቷ በፊት፣ «አለች?» ትለኛለች። «አለች» እላለሁ። ያኔ ብቻ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ለምን እንደምትጠይቅ አልነገረችኝም፤ ገብቶኝ ነበር። እትዬ ካለች ልጇም አለ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የእናቴ ልብ በአንድ የሳርዲን ጣሳ ውስጥ ነው፣ እኔም እፈራለሁ።

ታኅሣሥ ላይ እናቴ ለወንድሜ ስለት ልትሳል ወደ ቁልቢ ገብርኤል በእግር ስትወጣ አብሬያት ሄድኩ። ሦስት ቀን እንደምንቆይ አውቃለሁ። በድሬ ሙቀት የሰሐን ውኃ ለአንድ ቀን እንኳ አይበረክትም፤ ጉንዳኖቹ ይወጣሉ፣ የደጁም ይገቡባቸዋል። እናቴ የቁምሳጥኑ ጣሳዎች ቶሎ እንዳይደርቁ ነጭ ጋዝ ጠብ ታደርግባቸዋለች። እኔም እንደ እሷ አደረግኩ። ጠብታ አልበቃኝ ብሎ ጨመርኩበት። ድመት እንዳይደርስባቸው ደግሞ ሣጥን ደፋሁባቸው።

ከቁልቢ ተመልሰን፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ሣጥኑን አነሳሁት። የጋዙ ሽታ ፊቴን መታኝ። ሁሉም እግራቸውን ሰብስበው ደርቀዋል። እትዬ መሀል ላይ ናት፣ ልጆቿ እንደ አስታማሚ ከበዋታል። ጎረቤታችን፣ ከመጋላ ሰፈር የመጡት ሙስሊም ሴትዮ፣ «በእኛ ዲን ጉንዳን መግደል ሐራም ነው፣ ወላሂ!» ይሉኝ ነበር። እኔ አንድ አገር ሕዝብ ነው የጨረስኩት።

እናቴ ከጓዳ፣ «አለች?» አለች።

«አለች» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ባዶ ጣሳ አጠጣሁ። እናቴ ስለምታየኝ በየቀኑ ሰሐኑ ላይ ውኃ እጨምራለሁ፣ ጀሶው ላይ አንጠባጥባለሁ፣ ቀትር ላይ በደረቴ ተዘርግቼ ባዶዎቹን ክፍሎች አያለሁ። ለወንድሜ የምጽፈው ደብዳቤ እየረዘመ ሄደ። ዛሬ የዝንብ ክንፍ አስገቡ፣ ዛሬ እንቁላሉን ወደ ቀዝቃዛው ክፍል አዛወሩ እያልኩ እጽፋለሁ። አንዳንዴ ስጽፈው በእርግጥ አያቸው ነበር፤ በቀዩ ብርሃን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ።

መጋቢት ላይ ዘነበ። ደቻቱ ወርጄ ሌላ አገኘሁ። በጣቴ አልነካኋትም፤ በወረቀት አነሳኋት። ቤት ሳደርሳት ቆጠርኩ፣ ስድስት እግር አላት። የእናቴን ወረንጦ አመጣሁ። መሀለኛውን የግራ እግሯን ያዝኩ፤ አንዴ ብስበው ሁሉም ነገር እንደነበረ ይሆናል። እሷ አልታገለችም፣ ቀንዶቿን ብቻ ቀስ አድርጋ ብረቱ ላይ አሳረፈች። ለቀቅኳት። ወረንጦውንም ቦታው መለስኩት።

ወንድሜ በነሐሴ በባቡር መጣ። በክራንች ነው የወረደው። የሱሪው ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ለካ ከጥር ወዲህ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ሁሉ የጻፈው ከሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። እናቴ ጣቢያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ያንኑ ባዶ ሱሪ ይዛ አለቀሰች፤ አባቴ ደግሞ የሚያደርገው ቢጠፋው ሻንጣውን እያነሳ መልሶ ያስቀምጥ ነበር።

ከምሳ በኋላ ከተማው ተኛ። እናቴም ውስጥ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች። ወንድሜ ሲሚንቶው ላይ ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠና «እስቲ አምጫት» አለኝ።

አመጣሁለት። ቀዩን ወረቀት ገለጠ። እትዬ በሠላሳ በማይበልጡ ልጆቿ መሀል ቆማለች፤ የሁለት ዓመት ቤተሰብ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ እግሯን እየቆጠረ ነው።

«የእሷስ በቅሎላታል» አለ።

«ጋሼ፣ ሞታለች» አልኩት። «ጋዝ አፍስሼ እኔ ነኝ የገደልኳት። ይቺ ሌላ ናት። ስዋሽህ ነው የከረምኩት።»

ማንጠብጠቢያውን ከእጄ ወስዶ ጀሶው ጥግ ላይ ውኃ ጠብ አደረገ። ጉንዳኖቹ ወደ እርጥቡ ተሰበሰቡ።

«እኔም ደህና ነኝ ስልሽ ነው የከረምኩት» አለኝ።

እናቴ ከውስጥ፣ በእንቅልፍና በንቃት መሀል ሆና፣ እንደ ለመደችው ተጣራች።

«አለች?»

ተያየን። «አለች» አልን፣ ሁለታችንም ባንድ አፍ።